ቀለሙ ይቆየን

ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከዚሁ ከቡራዩ የተሰበሰባችሁ ወዳጆቼ፤

ስለ አሮጌ መኪና እንድናገር የተጠራሁ ዕለት «እኔ እኮ መካኒክ አይደለሁም» ብዬ ነበር። የጠራኝ ሰው «መካኒኮቹማ ሥራ ላይ ናቸው» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ፊታችሁ የቆመው ባለሙያ አይደለም። የአባቱን ቮልስ ሱሉልታ ግቢው ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲፈታ፣ ሲያስር፣ ሲያበላሽ፣ መልሶ ሲጠግን የኖረ ጡረተኛ አስተማሪ ነው።

ቮልሷን ይዣት መጥቻለሁ። ከአዳራሹ በላይ ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዙሬ አቁሜያታለሁ። ለምን ወደ ቁልቁለቱ እንዳዞርኳት ቮልስ ያለው ሰው ሳልነግረው ያውቀዋል።

ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹኝ። አሮጌ መኪና ቤቱ ያለው ሰው መጀመሪያ መበስበሷን ያስቁም፤ ቀጥሎ መቆምና መሄድ ያስተምራት፤ ቀለሙ ይቆየን። በቅድሚያ ለምን እንደምንደክም እናገራለሁ። ከዚያ ለምን እነዚህ ሦስት ከተሞች ለዚህ ሥራ እንደሚመቹ አነሳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወስድብኝ ሦስተኛው ነው፤ የሥራው ቅደም ተከተል። በመጨረሻም መለወጥ ስለማይገባው ነገር ጥቂት እላለሁ።

በለምን እንጀምር። አውቶሞቢል ለአፄ ምኒልክ የመጣው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ መንገድ በሌለበት እየነዳም እያስጎተተም አዲስ አበባ አደረሰው። ከዚያ ወዲህ ያየናቸውን ቁጠሩ፤ ፊያት 600፣ ፔጆ 404፣ ላንድሮቨር፣ በኋላም ሰማያዊና ነጭ ላዳ። ከሁሉም ግን ሰው እንደ ዘመድ የሚያያት ቮልስን ነው። ልጅ ሆነን በመንገድ ስታልፍ እንደ ሰው ፊት አላት እንል ነበር።

ታሪክም ተሸክማለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው። ጋራዡ ሮልስ ሮይስ ከነበረበት ቤተ መንግሥት ንጉሡ በቮልስ ወጡ። ለአንዳንዱ ውርደት ነው፤ ለሌላው የዘመን መለወጫ ምልክት። እኔ አባቴ ያንን ዜና ከሰማ በኋላ ግቢ ወጥቶ የራሱን ቮልስ ዝም ብሎ ሲያይ ትዝ ይለኛል። ምን እንዳሰበ አልጠየቅኩትም፤ በዚያ ዘመን አባት እንዲህ አይጠየቅም። ያ ቤተ መንግሥት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ የቤተ መንግሥቱን መኪኖች ሄዳችሁ ታያላችሁ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሙዚየም የሚጠብቀው የንጉሥን መኪና ነው። የአስተማሪውን፣ የነርሱን፣ የጸሐፊውን መኪና የሚጠብቅ የለም፤ እሱ የቀረው በየሰው ግቢ፣ በሸራ ሥር ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ቮልስ በየካቲት 1964 ዓ.ም. ብዛቷ ከ15 ሚሊዮን አልፎ የፎርድን ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን ሰብራለች። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፑዌብላ ከተማ፣ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ከፋብሪካ ስትወጣ ቁጥሩ ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ አዲስ የለም። ወደ እኛ አገር ደግሞ አሮጌውም አይመጣም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አከበደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የግል መኪኖች እንዳይገቡ አገደ። የእገዳውን ደግነትና ክፋት ዛሬ አልከራከርም። እኔን የሚመለከተኝ ሒሳቡ ነው፤ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። አንዷ ለላሜራዋ በኪሎ በተሸጠች ቁጥር ምትክ የላትም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ግቢ። አጭር ነው።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወዳጄ ፊያት 600 አለችው። ሞተሯን ሊያወርድ ሲጀምር የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ጠራው፤ በሳምንቱ መኪናዋን ከዚያ አስወጣት። አልፈርድባቸውም፤ ሰው መኝታ ቤት መስኮት ሥር ሞተር አይፈታም። እኛ ግን ግቢ አለን። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ቤት የሠራ ሰው ጠባብም ቢሆን የቆርቆሮ ዳስ የሚጥልበት ጥግ አያጣም። ሰበታ ደግሞ ፋብሪካዎች ስላሉ ብየዳ የሚያውቅ ልጅ በየሰፈሩ አለ። የእኔን ወለል የበየደልኝ የሰበታ ልጅ ነው።

ከተሞቻችን የየራሳቸው ፈተና አላቸው። ሱሉልታ ብርድና ጤዛ ነው፤ በክረምት ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፤ ድርቆሹ ደግሞ አይጥ ይጠራል። አይጧ ድርቆሽ ትታ ቮልስ ሞተር ላይ ጎጆ ሠርታ አግኝቻለሁ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱን ለመክሰስ በልታዋለች። ድርቆሽና መኪና አታጎራብቱ፤ ለእሳትም ለአይጥም። ቡራዩ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ከገፈርሳ በኩል የሚመጣው ጉም ቆርቆሮ ሥር ያለውን ብረት ሳይቀር ያላብሰዋል። ሰበታ ጭቃ አለ፤ ጥቁር አፈር ከፓራፋንጎ ሥር ገብቶ ከተጋገረ እርጥበቱን እስከ ጥር ይይዛል። ከመስቀል በኋላ ከሥር በደንብ እጠቡ። ፕላስቲክም በቀጥታ አታልብሷት፤ ላቧ ማታ ማታ መልሶ ይዘንብባታል። አየር የሚያስተላልፍ ሸራ ነው የሚሻላት።

አሁን ወደ ሦስተኛው ገባን። እዚህ ላይ ቀስ እላለሁ።

መጀመሪያ ስሕተቴን ልንገራችሁ። መኪናዋን ከአባቴ ቤት በጭነት መኪና አስጭኜ ያመጣሁ ዓመት፣ ያለኝን ገንዘብ ሁሉ ቀለም ላይ አዋልኩት። የወሰድኩበት ጋራዥ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ እንደ ሙሽራ አድርጎ መለሰልኝ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ፤ ባለቤቴ እልል አለች። ሁለት ክረምት አለፈ። በሩ ሥር ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አወጣ፤ ቀጥሎ ተነሣ፤ በጣቴ ስነካው ጣቴ ወደ ውስጥ ገባ። ያ የሰበታው ልጅ መጥቶ አንኳኳና «ጋሼ፣ ይቺ መኪና የቆመችው በብረት አይደለም፤ በስቱኮ ነው» አለኝ።

ስለዚህ ቀለሙ ይቆየን።

መኪና ከመግዛታችሁም ሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ከተቃጠለ ስፒከር የወጣ ማግኔት ፈልጉ። በጨርቅ ጠቅልሉትና በሰውነቷ ላይ አስኪዱት። ሲይዝ ላሜራ ነው፤ ሲንሸራተት ስቱኮ ነው። ቮልስ የምትበሰብስበት ቦታ የታወቀ ነው። በሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄደው፣ ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያስገባው ባዶ ቦይ አንዱ ነው። የኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል ሌላው ነው፤ አሲዱ ይበላዋል። የፊቱን ኮፈን ስትከፍቱ ደግሞ ትርፍ ጎማው የሚተኛበት ጉድጓድ አለ። ምንጣፉን አንሡ፤ እርጥብ ከሆነ ውሃው ከየት እንደገባ ሳታውቁ በያጅ አትጥሩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመስታወት ላስቲክ ነው፤ የላስቲክ ዋጋ ከወለል ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

የበሰበሰውን ቆርጣችሁ በላሜራ ስትተኩ ሁለቱን ጎን አንድ ቀን አትቁረጡ። በዚያ ቦይ ነው አካሏ ቀጥ ብሎ የሚቆመው። ሁለቱንም ከቆረጣችሁ ትጎብጣለች፤ በሩ ዳግመኛ አይገጥምም። አንዱን ጨርሱ፣ በሩን ክፈቱ ዝጉ፣ ከዚያ ሌላውን። የተበየደውን በዚያው ቀን ጸረ ዝገት ቀቡት፤ የሱሉልታ ሌሊት እስከ ነገ አይጠብቃችሁም።

እዚህ ላይ ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳቅ አይደለም። ክሪክ ብቻ አምናችሁ መኪና ሥር አትግቡ። ብሎኬትም አትደግፉባት፤ ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው፣ ሳይነግራችሁ ይፈርሳል። ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ አገዳድማችሁ ደርድሩ። ሌላው ቤንዚን ነው። በቤንዚን ዕቃ የሚታጠብበት ግቢ ቡና ይፈላበታል፤ ከሰሉ ደግሞ ጥግ ላይ ይንቦገቦጋል። የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ሄዶ ከሰሉን ያገኘዋል። ዕቃ በናፍጣ እጠቡ፤ ቡናው ይቅደም ወይም ሥራው ይቅደም፣ አብረው አይሁኑ።

መበስበሷ ቆመ እንበል። አሁን መቆምና መሄድ። መቆምን ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው። ከሱሉልታ ተነሥቶ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣ ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፤ ሲፈላ ፔዳሉ ወለሉን ይነካል። በየሁለት ዓመቱ ለውጡት። ለዓመታት የቆመች መኪና ከሆነች የየጎማውን የፍሬን ሲሊንደርና ላስቲኮቹን ለውጡ፤ በዚህ ላይ ቁጠባ አይሠራም።

ሞተሩን በተመለከተ፣ ዓመታት የቆመን ሞተር በሞተሪኖ አታስጩኹት። ካንዴላዎቹን አውጡ፣ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጉና ለጥቂት ቀን ተዉት። ከዚያ በቁልፍ በእጅ አዙሩት። ሲዞር እግዚአብሔር ይመስገን በሉ፤ ካልዞረ ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት ጨምሩ። የቆየውን ቤንዚን አፍስሱ፤ እንደ ሙጫ ሆኖ ካርቡራተሩን ይዘጋል። የቤንዚን ቱቦዎቹን፣ ከታንኩ እስከ ካርቡራተሩ፣ ደኅና ቢመስሉም ለውጡ። ብዙ ቮልስ ከኋላ የሚቃጠለው በአንዲት የደረቀች ክንድ የማትሞላ ቱቦ ነው።

ይህች ሞተር ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። ዘይቷ 2 ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ እንደ ዘመኑ መኪና የሚለወጥ ፊልትሮ የላትም፣ ከሥር የሽቦ ወንፊት ነው ያላት። ስለዚህ ዘይት ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነው። እኔ በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ እለውጣለሁ፤ በዚያው ወንፊቱን አጥባለሁ፣ የቫልቮቹን ክፍተትም ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካክላለሁ። ሌሊቱን ሳትነሣ ያደረች ሞተር ጠዋት ላይ ለዚህ ትመቻለች፤ አንድ የቅዳሜ ጠዋት ይበቃል።

ሥራ የሚያውቅ አንድ መካኒክ ሞተሩን አውርዶ ሲመልስ በዙሪያው ያሉትን ላሜራዎችና ጥቁሩን የላስቲክ ጠርዝ መሬት ላይ ትቶ ነበር። «ይኼ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቀው «ትርፍ ነው፣ ጋሼ፤ ያለሱም ትሄዳለች» አለኝ። ትሄዳለች። ነገር ግን ያ ላሜራ የታችኛው የጋለ አየር ወደ ላይ ተመልሶ ማራገቢያው ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል ግድግዳ ነው። ያለሱ ሞተሩ የራሱን ትኩሳት መልሶ ይተነፍሳል። በእኔዋ ዘመን በተሠሩ ሞተሮች ደግሞ ሦስተኛው ሲሊንደር ከወንድሞቹ ይበልጥ ይግላል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው በአየሩ መንገድ ላይ ተገትሮበታል። መጀመሪያ የሚቃጠለው የእሱ ቫልቭ ነው። ጀርመኖቹ ትርፍ ዕቃ አይሠሩም፤ የማታውቁትን ዕቃ አትጣሉ።

ቺንጋውን ደግሞ ልብ በሉ። በአንዳንድ መኪና የባትሪ መብራት ቢበራ ቀስ ብለህ ቤትህ ልትገባ ትችላለህ። በቮልስ ግን ያው አንድ ቺንጋ ነው ዲናሞውንም ማራገቢያውንም የሚያዞረው። ቀይዋ መብራት በራች ማለት ማቀዝቀዣው ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ወዲያው አቁሙና አጥፉ። ትርፍ ቺንጋና ቁልፍ ከመኪናው አይለዩ።

የከፍታውን ነገር ካልተናገርኩ የሱሉልታ ሰው አይደለሁም። እኛ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነን። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ሳስቷል። የእኔ 1300 ከፋብሪካ ስትወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ እዚህ 30 ብትሰጠኝ አመሰግናለሁ። አየሩ ስለሚያንስ ለባሕር ጠለል የተለካው ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። መፍትሔው በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ዋና መርጫ አነስ ባለች መለወጥ ነው። ብዙ ሰው «ፋሻው አልቋል፣ ሞተር ይውረድ» ተብሎ ገንዘቡን ይጨርሳል፤ ችግሩ ግን ጣት የማታህል ነሐስ ናት።

ዕቃ ከየት? አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ አሁንም ይገኛል፤ ብራዚል እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ ቮልስ ስትሠራ ስለነበር ብዙ ምትክ ዕቃ ከዚያ ይመጣል። ስትሄዱ አሮጌውን ዕቃ በእጃችሁ ያዙ፤ ስም ያሳስታል፣ ብረት አያሳስትም። በነገራችን ላይ የጋራዣችን ቋንቋ ራሱ ሊጠበቅ የሚገባው ቅርስ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ባትላሜራ። ጣሊያን ሄደ፤ ቃላቱ ግሪስ ተቀብተው ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። የልጅ ልጄ ሮም ብትሄድ ቋንቋ ሳትማር መኪና ታሠራለች።

አንድ ልማድም ልቃወም። ጠዋት ጠዋት አስነሥቶ አምስት ደቂቃ አሙቆ ማጥፋት። መኪናዋን የተንከባከብናት ይመስለናል። በአምስት ደቂቃ ግን ዘይቱ አይሞቅም፤ የተፈጠረው ውሃ ማርሚታው ውስጥና ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ ከውስጥ ይበላታል። ወይ ግማሽ ሰዓት በደንብ ንዷት፣ ወይ አትንኳት። እኔ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጫንጮ ድረስ ደርሼ እመለሳለሁ።

ቀስ በቀስ ስል ምን ማለቴ ነው? በጡረታ ደመወዝ ስል ነው። በወር አንድ ዕቃ። ግን ደንብ አለኝ፤ አንዱን ሳልጨርስ ሌላ አልፈታም። መኪና ሙሉ በሙሉ ተፈትታ በካርቶን የገባችበት ግቢ አይታችኋል፤ እነዚያ ካርቶኖች ብዙ ጊዜ የሚወጡት ለቆራሊዮ ነው። ብሎንና ዳዶውን ከየት እንደወጣ ጽፋችሁ በየማሰሮው አስቀምጡ። ከመፍታት በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ። ደብተር ያዙ። የእኔ ደብተር አሁን ሦስተኛው ነው፤ ባለቤቴ ከሠርጋችን አልበም ይወፍራል ትላለች።

ወደ አራተኛው፣ ስለማይለወጠው። ጊዜ ስላልበቃኝ በአጭሩ።

መመለስ የማይቻል ነገር አታድርጉ። ሌላ ሞተር ለማስገባት ላሜራ መቁረጥ፣ ጣሪያ መቅደድ፣ የሻሲ ቁጥሩ ላይ ስቱኮ መቀባት አይመለስም። ወጣቶች «ጋሼ፣ ኤሌክትሪክ ብናደርጋትስ?» ይሉኛል። ሐሳቡን አልንቅም፤ ግን ላሜራ አትቁረጡ፤ ያለውን ሞተርም ነቅላችሁ አትሽጡ፤ ቅባት ቀብታችሁ አስቀምጡት። የወንበር ቀበቶ ግን ጨምሩ። ቅርስ ነው ብሎ ልጅን ያለ ቀበቶ ማስቀመጥ ጅልነት ነው፤ በዚህ ከብዙ ቮልስ ወዳጆቼ ጋር እጣላለሁ። ቀለምን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ቀለም ከፊት ኮፈኑ ውስጥ ወይም ከዳሽቦርዱ ሥር ብዙ ጊዜ ይገኛል። አባቴ የገዛት ጊዜ ሰማያዊ እንደነበረች ያወቅኩት ከዚያ ነው፤ እኔ በሞኝነት ቀይ አስቀብቻት ነበር። ሊብሬውን፣ አሮጌ የቦሎ ወረቀቱን፣ የግዢ ደረሰኙን፣ ሰው ከጎኗ ቆሞ የተነሣውን ፎቶ አትጣሉ። የእኔ አባት በ1962 ዓ.ም. የገዛበት ደረሰኝ ከመኪናዋ ይልቅ ንጹሕ ነው።

ቀይ ነበረች፤ አሁን ግማሿ ጸረ ዝገት ነው፤ በሮቿ ግራጫ ናቸው። ሰማያዊው ምናልባት ለከርሞ። አላፍርባትም። ልጆቹ «ቆዳዋ የተላጠ» ይሏታል፤ እኔ እንጦጦን ወጥታ ወርዳ ቡራዩ ደርሳለች እላቸዋለሁ።

የጊዜ ጠባቂው እየተመለከተኝ ነው። ጥያቄ ካላችሁ እዚህ ሳይሆን ከመኪናዋ አጠገብ ብትጠይቁኝ እመርጣለሁ፤ ማግኔቱንም ይዤዋለሁ። ወደ ሱሉልታ የምትመለሱ ሁለት ሰዎች ቦታ አላችሁ፤ በአዲሱ ገበያ በኩል እናልፋለን። አንድ ነገር ብቻ፤ ሞተሪኖው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አኩርፏል። ቁልቁለቱ አጭር ነው፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ መግፋት አለ።